ቀባሪው አለ፤ ጧሪው ከየት ይምጣ?

ከቱሉ ዲምቱ የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው 186 አባላት ያሉት እድር ጸሐፊ ናቸው። በእድራቸው ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ 14 አረጋውያንን ቆጥረዋል፤ ዘጠኙ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው፣ አምስቱ ደግሞ ከነባሩ ሰፈር በቀሩት የጭቃ ቤቶች ውስጥ ይኖራሉ። ከዘጠኙ ተከራዮች አራቱ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆናቸው ከቤት የሚወጡት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወይም ሐኪም ቤት ለመሄድ ሰው ደግፎ ሲያወርዳቸው ብቻ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የአንድ አባል ልጅ «የአረጋውያን መኖሪያ ሥሩ፤ ገንዘቡን እኔ ከወዳጆቼ አሰባስባለሁ» ብሏቸዋል። ጸሐፊው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ለሕንፃው የሚሆን ተጨማሪ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ከየት ይገኛል? እድሩስ ገንዘቡን በራሱ ስም መቀበል ይችላል?

ከሁለተኛው ልጀምር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን፣ እቁብንና መሰል ባህላዊ ስብስቦችን እንደማይመለከት ራሱ ደንግጓል። ይህ በአንድ በኩል ነፃነት ነው፤ ለእድራችሁ በየዓመቱ ሪፖርት አቅርቡ፣ በውጭ ኦዲተር አስመርምሩ የሚል ባለሥልጣን የለበትም። በሌላ በኩል ግን ለጋሽ ድርጅቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት የምዝገባ ምስክር ወረቀት በእጃችሁ አይኖርም። አባላት የሚያዋጡትን መሰብሰብ የእድሩ መብት ነው፤ ከሰፈር አልፎ ከሕዝብ፣ ከኩባንያና ከውጭ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ግን ሌላ ሕጋዊ ቁመና ይጠይቃል። የገንዘብ ያዡ ወይም የጸሐፊው የግል ሒሳብ ለዚህ መዋል እንደሌለበት ለእርስዎ መንገር አያሻኝም፤ ሆኖም ብዙ ጥሩ ሰዎች የተጣሉት በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግሁም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስመለስ የሚያሳዝንዎትን መልስ ልሰጥ ነው፤ ሕንፃውን ባትጀምሩት ይሻላል። ከዓመታት በፊት በሌላ የከተማዋ ዳርቻ አንድ ድርጅት ያሠራውን የአረጋውያን ማረፊያ እንድገመግም ተጠርቼ ነበር። 12 ክፍሎች፣ በየክፍሉ ሁለት አልጋ ከነፍራሹ፣ በሩ ላይ የለጋሹ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ነበረው። በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ስሄድ ከክፍሎቹ አብዛኞቹ የድንኳንና የወንበር ማስቀመጫ ሆነዋል። በጀቱ ውስጥ ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ እስከ መጨረሻዋ ምስማር ተጽፈው ሳለ ምግብ የምታበስል፣ ሌሊት የሚያድር፣ የታመመ የሚያጥብ ሰው ደመወዝ በየትኛውም መስመር አልነበረም። ከዚህም በላይ አረጋውያኑ ራሳቸው አልመጡም። የገዛ በራቸውን ዘግተው ለመሄድ አልፈቀዱም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የምፈቅድ አይመስለኝም።

አያት አካባቢ ያለውን መቄዶንያን እንደ ምሳሌ መጥቀስዎን አይቻለሁ። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው ይህ ማዕከል የሚያከብሩት እንጂ የሚነቅፉት ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን እሱ በዋናነት የሚያነሣው መጠጊያ አጥቶ ጎዳና ላይ የወደቀውን አረጋዊና የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ያን ያህል የታወቀ ድርጅት እንኳ በ2017 ዓ.ም. ሕንፃውን ለማጠናቀቅ በቀጥታ ሥርጭት ሕዝብ ፊት ቆሞ መለመን አስፈልጎታል። የእርስዎ 14 አረጋውያን ግን ቤት አላቸው። የሚያሰጋቸው በዚያ ቤት መቆየት አለመቻላቸው ነው፤ የዚህ መድኃኒት ደግሞ ከሌላ ቤት ይልቅ ባሉበት የሚደርስ ድጋፍ ነው።

አማርኛችን «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ሲል ሁለት ሰው ጠርቶ ነው። እድራችሁ ቀባሪው ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ለቀስተኛው፣ ሁሉም ተሟልቷል። የጎደለው ጧሪው ነው። የበጎ አድራጎት ገንዘብ ስትፈልጉ የምትፈልጉት ለጧሪ የሚከፈል ገንዘብ መሆኑን ከወዲሁ ካልወሰናችሁ፣ ሰጪው ሁሉ ወደ ግድግዳ ይስባችኋል። ግድግዳ ፎቶ ይነሣል፣ ተሠርቶ ያልቃል፣ ይመረቃል፤ አንዲት ሴት በሳምንት ሦስት ቀን የአንድን ሽማግሌ ልብስ አጥባ፣ መድኃኒታቸውን ቆጥራ መሄዷ ግን የሚመረቅ ነገር የለውም። ኤምባሲዎች ለአነስተኛ ማኅበራዊ ፕሮጀክቶች የሚሰጡትን ገንዘብ ብንመለከት እንኳ፣ ለምሳሌ የጃፓን መንግሥት ለታችኛው ኅብረተሰብ ክፍል የሚሰጠው ድጋፍ፣ ለግንባታና ለዕቃ የሚውል ሆኖ ደመወዝንና የዕለት ተዕለት ማስኬጃን አይሸፍንም። ስለዚህ ገንዘብ አለ ብላችሁ የምትሮጡበት በር ብዙውን ጊዜ የሲሚንቶ በር ነው።

ድጋፉ ምን ምን እንደሚይዝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ፤ ለለጋሽ የምታቀርቡት ሰነድ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያ የሚመጣው ምንም ብር የማይፈልገው ክፍል ነው። ዘጠኙ ተከራዮች የጽሑፍ ውል አላቸው? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዛል። አንዲት የ78 ዓመት እናት ይህን አንብበው ወረዳ ይሄዳሉ ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። ከእድሩ አንድ ሰው አብሯቸው ሄዶ ውሉን ቢያስመዘግብ ግን «ልጄ ከውጭ ስለሚመጣ ቤቱን በዚህ ወር ልቀቁልኝ» ከሚል ድንገተኛ ቃል ይድናሉ። በእኔ ልምድ አረጋዊ ተከራይን ከቤቱ የሚያስወጣው ከኪራዩ ውድነት ይልቅ የውሉ አለመኖር ነው።

ቀጥሎ የመብት ገንዘብ ይመጣል። ከ14ቱ ውስጥ የራሳቸው ወይም የሟች ባላቸው የጡረታ መብት ኖሮ ሳይጠየቅ የቀረ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል፤ በጡረታ አዋጆቹ፣ በ1267/2014 ለመንግሥት ሠራተኞችና በ1268/2014 ለግል ድርጅት ሠራተኞች፣ የሟቹ አበል ግማሽ በተተኪነት ለሚስት የሚተላለፍበት ሥርዓት አለ። በከተማ ሴፍቲኔት ውስጥም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ አለና በወረዳ የምልመላ ጊዜ ስማቸውን ማስጠራት የእድሩ ሥራ መሆን አለበት። ልጆች ካሉም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያስቀምጣል። እናትን ልጇን እንድትከስ ምከሩ እያልኩ አይደለም፤ እንዲያ ያለ ክስ የሚጨርሰው ዝምድናውን ነው። ነገር ግን ልጁን ስልክ ደውሎ «በወር ምን ያህል ትችላለህ?» የሚል አንድ የተከበረ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የተገኘውም መልስ በአረጋዊቷ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ከዚያ በኋላ ነው ብር የሚጠይቀው ክፍል የሚጀምረው። ለአራቱ የፎቅ ነዋሪዎች ጥሩው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ እዚያው ብሎክ ውስጥ ከምድር ቤት ተከራይ ጋር መለዋወጥ ነው። የ20/80 ብሎኮች በአብዛኛው አራት ፎቅ ኖሯቸው ሊፍት የላቸውም፤ ወጣት ባልና ሚስት ግን ወደ ላይ መውጣትን ያን ያህል አይጠሉም። ሁለቱ አከራዮች ከተስማሙ ፈንዱ የሚሸፍነው የኪራዩን ልዩነትና የዕቃ ማጓጓዣውን ነው፤ ይህም በአንድ አረጋዊ ከማንኛውም ግንባታ ያነሰ ዋጋ አለው። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሚያዝ ብረት፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ በአልጋው አጠገብ የሚበራ መብራት፣ እነዚህ የአንድ ብየዳ ቤትና የአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሁለት ቀን ሥራ ናቸው። አከራዩ በጽሑፍ መፍቀዱንና በተሻሻለው ቤት ምክንያት ኪራይ እንደማይጨምር መስማማቱን አትርሱ፤ ይህን ወረቀት ሳያስፈርሙ ቤት ያደሱ ሰዎች ሳይታወቃቸው የአከራዩን ንብረት አሳምረውለት ሄደዋል።

የጭቃ ቤቶቹ ጉዳይ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፤ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም ዘመቻው ብዙ ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ላይ ስለሚውል ዝናቡ ሲወርድ ጣሪያ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። በእድራችሁ ገንዘብ የምትሠሩት ከሆነ ግንቦት ሳይወጣ ጨርሱት፤ ከጣሪያውም በፊት የውሃ መውረጃውን ቦይ ቁፈሩ። የአካባቢያችሁ መሬት ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ስለሆነ የግድግዳውን እግር የሚበላው ከላይ ከሚፈሰው ይልቅ ከሥር የሚተኛው ውሃ ነው። የቤቱ ባለይዞታ ማን እንደሆነ፣ የቀበሌ ቤትም ከሆነ ወረዳው ለእድሳቱ መፍቀዱን በጽሑፍ ያዙ። አረጋዊው ሲያርፉ የታደሰውን ቤት ይገባኛል የሚል ዘመድ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ይመጣል፤ እድሩ በዚያ ክርክር ውስጥ መግባት የለበትም።

ይህ ሁሉ ግን የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በር የምታንኳኳው የቤት ለቤት ደጋፊ ላይ። ለ14 አረጋውያን ሁለት ደጋፊዎች ይበቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ትተካለች። ከሰፈሩ የሚመረጡ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ቋንቋቸው ከአረጋውያኑ ጋር የሚግባባ ሴቶች ቢሆኑ ይመረጣል፤ በአካባቢያችሁ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ አዛውንት እንዳሉም አስቡ። ከመሐል ከተማ በልማት ተነሥተው የመጡት ደግሞ ሌላ ዓይነት ብቸኝነት አለባቸው። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ 40 ዓመት የኖረ ሰው ቤት ሲቀይር ከቤቱ ጋር ወደ ኋላ የሚቀሩት እድሩ፣ የነፍስ አባቱ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅና ቡና የሚጠራሩት ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ ደጋፊዋ የመጀመሪያውን ወር ምንም ሳትሠራ ቡና ጠጥታ ብትመለስ ደመወዟ በከንቱ አልተከፈለም።

እንግዲህ ስለ ገንዘቡ። አዋጅ 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ 1,000,000 ብር ቢገባ ከ200,000 ብር በላይ ለአስተዳደር ማዋል አይቻልም ማለት ነው። ብዙ አዳዲስ ድርጅቶች ይህን ሲሰሙ ደመወዝ የተባለውን ሁሉ ከ20 በመቶው ውስጥ ጎስረው፣ ከዚያ ሠራተኛ መቅጠር አልቻልንም ይላሉ። አዋጁ ግን አስተዳደራዊ ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራው ጋር የማይገናኘውንና ለድርጅቱ ህልውና የሚያስፈልገውን ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ የጽሕፈት ዕቃና የመሳሰሉት። የቤት ለቤት ደጋፊዋ ደመወዝ ሥራው ራሱ ነው። የአረጋዊቷ የኪራይ ድጎማም እንዲሁ ከቢሮ ኪራይ ጋር የሚገናኝበት ነገር የለም። በጀቱ ላይ «ደመወዝ» እና «ኪራይ» ብላችሁ በደፈናው ከጻፋችሁት ግን የሚያነብበው ሰው ወደ አስተዳደር ሊከተው ይችላል፤ «ለ14 አረጋውያን የቤት ለቤት ድጋፍ ለሚሰጡ ሁለት ሠራተኞች» እና «ለአራት አረጋውያን የምድር ቤት ኪራይ ልዩነት» ብላችሁ ጻፉት። የአንድ ፕሮጀክት ዕጣ በዚህ ዓይነት የቃላት ምርጫ ሲወሰን አይቻለሁ።

በየትኛው ስም ትቀበላላችሁ? ሦስት መንገድ አለ። አዋጁ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚለው አለ፤ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ለበጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያቋቁሙትና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲፈቅድለት ብቻ የሚሠራ ስብስብ ነው። ለአንድ ጊዜ እድሳት ያመቻል፤ ለወርኃዊ ደመወዝ ግን አይመስለኝም። ሁለተኛው ከእድሩ አባላት የራሳችሁን አገር በቀል ድርጅት መመሥረት ነው፤ በአዲስ አበባ የሚቋቋም ድርጅት የሚመዘገበው በፌዴራሉ ባለሥልጣን ስለሆነ ከአረጋውያኑ አንዳንዶቹ ድንበሩን አልፈው በሸገር ከተማ ውስጥ ቢኖሩም ምዝገባው አይከለክላችሁም። ሦስተኛው ቀድሞ ከተመዘገበና በአረጋውያን ላይ ከሚሠራ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርሞ፣ ገንዘቡ በእሱ ሒሳብ እየገባ ሥራውን እድሩ እንዲከታተል ማድረግ ነው። የእኔ ምክር በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛውን እንድትይዙና ሁለተኛውን በጎን እንድታዘጋጁ ነው። ሰነዱ ላይ አጋሩ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያስቀረው ስንት በመቶ እንደሆነና ወርኃዊ የሒሳብ መግለጫ ለእድሩ እንደሚሰጥ በቁጥር ይጻፍ።

ገንዘቡ የሚመጣበትን ቦታ በተመለከተ ከሩቁ ይልቅ የቅርቡን አስቀድሙ። ያላችሁት አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ፋብሪካ በበዛበት ክፍለ ከተማ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለተመዘገበ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪ እንዲያዝለት ይፈቅዳል። የእድር ደረሰኝ ይዛችሁ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ብትቀርቡ ከኪሱ ይሰጣችኋል፤ የተመዘገበ ድርጅት ደረሰኝ ይዛችሁ ብትቀርቡ ግን ከሒሳብ ሹሙ ጋር ያገናኛችኋል፤ ሁለተኛው በየዓመቱ ሊደገም የሚችል ነው። የመስጊድ ዘካና የሰንበቴ ማኅበራትም አሉ፤ እነሱን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቋቸዋል። ትላልቆቹ የውጭ ለጋሾች ላይ አትንጠልጠሉ፤ በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ ርዳታዋን በድንገት ስታቆም ስንት ደመወዝተኛ በአንድ ሳምንት ቤቱ እንደገባ ሁላችንም አይተናል።

ከሁሉ በፊት ግን የእድሩ የራሱ ብር ይቅደም። 186 አባላት በወር 20 ብር ቢጨምሩ 3,720 ብር፣ በዓመት 44,640 ብር ይሆናል። ይህ ሁለት ሠራተኛ አይቀጥርም፤ ነገር ግን ለጋሹ ፊት «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚታይ መዝገብ ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ገንዘቡ ለሞት ብቻ ይውላል የሚል ከሆነ ጠቅላላ ጉባኤው ያሻሽለው። በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ዘመን በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች ቀብር ብቻ ማስፈጸሙ ስላልበቃቸው ለሕሙማንና ወላጅ ላጡ ልጆች መድረስ ጀምረው ነበርና ለጉባኤው የምታቀርቡት ሐሳብ እንግዳ አይሆንም።

ውጭ አገር ላለው ልጅ የምትጽፉለት ደብዳቤ በዶላር ጠቅላላ ድምር አይጀምር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ብር ጨምሯል፤ የቆርቆሮውና የጤፉ ዋጋም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ የሚሸፍነውን ነገር ቁጠሩለት፤ የአንዲት ደጋፊ የ12 ወር ደመወዝ፣ የአንዲት እናት የአንድ ዓመት የኪራይ ልዩነት፣ የሁለት መጸዳጃ ቤት ማስተካከያ። አንድ ጊዜ ብዙ ከሚልክ ለሦስት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ጥቂት ቢልክ እንደምትመርጡ በግልጽ ንገሩት። የአረጋውያኑን ፎቶ ሲጠይቃችሁ ደግሞ ቆም በሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውየውን ፈቃድ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ በሰፈራቸው ተከብረው የኖሩ አዛውንት እንባቸው በሰው ስልክ ላይ ሲዞር ማየት አይፈልጉም። የተጠገነውን በር ፎቶ ላኩለት።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በዚህ ሳምንት የሚሠራ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የ14ቱን ስም የጻፉበትን ወረቀት ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ከስሙ ጎን አንድ ተጨማሪ ነገር ይጻፉ፤ የቤታቸው ትርፍ ቁልፍ ማን ጋር እንዳለ። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ሁለት ቀን ቢቆይ ሰብሮ ከመግባት ሌላ ምርጫ የሌለበትን ቤት ቀይ ምልክት ያድርጉበት። ደጋፊዋ ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያ ጉብኝቷ እዚያ ይሁን።